ባለ ስንቆቹ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የሒሳብ መምህር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት የምሥራቅ ጎጃም የወረዳ ከተማ ነበር። ያቺ ከተማ ስትነሳ ከሁሉ አስቀድመው ትዝ የሚሉኝ ባለ ስንቆቹ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከየገጠር ቀበሌው እየተግተለተሉ ይገባሉ። የማዳበሪያ ጆንያ በትከሻ፣ ደብተር በብብት። ከደጋው የሚወርዱት የገብስ ቆሎ፣ በሶና ድንች፣ ከወይና ደጋው የሚመጡት እንጀራና ሽሮ ይይዛሉ። ለሦስት ለአራት ሆነው በተከራዩት ጠባብ ክፍል ሳምንቱን የሚገፉት በዚያች ስንቅ ነው። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራው ለስላሳ ነው። ሐሙስ ይሻግታል። አርብ የሚቀረው ድርቆሽ ነው፤ እሱም በውኃ ርሶ። አከራዩ መብራት ይቆጥርብኛል ብሎ ማታ በሦስት ሰዓት አምፖሉን ሲያጠፋባቸው ለላምባ ሳንቲም አዋጥተው በኩራዝ ያጠናሉ።

በሥልጠና ላይ ሳለን የማስሎን የፍላጎት መሰላል ተምረን ነበር። እኔ ይዤው የወጣሁት፣ ሆድ ሳይሞላ ሰው ከፍ ላለ ነገር አይነሣም የሚለውን ነው። ባለ ስንቆቹ ይህን አፈረሱብኝ። ወንዝ ሞላ፣ ስንቅ አለቀ ብለው ከሰልፍ አይቀሩም። በመጀመሪያው ወር ለምን እንደምትማሩ ስማችሁን ሳትጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጻፉልኝ ብያቸው ነበር። ብዙዎቹ ሐኪም፣ ፓይለት፣ መሐንዲስ አሉ። አንዷ ግን እንዲህ ብላ ነበር፦ «እየተማርኩ እስካለሁ ድረስ አይድሩኝም።» የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ቢያደርገውም፣ እሷ ከሕጉ ይልቅ የተማመነችው በደብተሯ ነበር። ለመማር ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ይኖራል? ይህን የጻፈችው ማን እንደሆነች ለማወቅ አልሞከርኩም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሴት ልጆች ሁሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ዓይን አየኋቸው።

ክፍል ውስጥ ግን ዝምታ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። በዚያ ላይ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሳተላይት ትምህርት፣ ሁላችንም ፕላዝማ የምንለው፣ መጥቶ ነበር። በብረት ሳጥን የተቆለፈው ቴሌቪዥን ተከፍቶ የሩቅ አገሩ አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ሲያወርደው የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛው በእሱ ያልቃል። ቁም ቢሉት አይቆም፣ ድገም ቢሉት አይደግም። ልጆቹ አንገታቸውን ሰብረው የቻሉትን ይገለብጣሉ። «ገባችሁ?» ስላቸው፣ «አዎ ቲቸር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ደብተራቸውን ስሰበስብ ግማሽ ዓረፍተ ነገር፣ ግማሽ ሥዕል አገኛለሁ። ያ ሁሉ ርቀት ተሄዶ፣ ያ ሁሉ ረሃብ ተችሎ፣ ለግማሽ ዓረፍተ ነገር!

አንድ ቀን ስለ ቀጥታ መስመር ስሎፕ ትምህርቱ ተጀምሮ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ሲጨልም ወደ ሰሌዳው ዞሬ በአማርኛ፣ «ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳገት የሚወጣ ማነው?» አልኩ። ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ አንድ የኋላ ወንበር ልጅ ተነሣ። «ቲቸር፣ አህያ ጭነን ስንመለስ ዳገቱን ፊት ለፊት አንገጥመውም፤ እየተጠማዘዝን ነው የምንወጣው።» ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «አህያዋ አትችለውማ!» ጠመኔውን ሰጠሁት። ቆም ብሎ አሰበና ሁለት ሦስት ማዕዘን ሳለ፤ ከፍታቸው እኩል፣ የአንዱ አግድም አጭር፣ የሌላው ረጅም። ከዚያ በራሱ አፍ፣ «ከፍታው ያው ነው፤ የምናካፍልበት ሲረዝም ዳገቱ ይቀላል» አለ። በዚህ መሐል ከመስኮቱ በኩል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ገደልስ? አግድም የለውም እኮ፤ በምን እናካፍላለን?» በዜሮ ማካፈል እንደማይቻል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ስሎፕ እንደሌለው መጽሐፉ የሚደርሰው ገና ከገጾች በኋላ ነበር። እነሱ ግን ገደሉን ያውቁታል። ደወል ተደውሎም የሚወጣ ጠፋ።

ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ በአንድ ጊዜ ሰቃይ አልሆነም። ግን የሳተውን ጥያቄ ይዞ ስታፍ ድረስ መምጣት ጀመረ፤ «እዚህ ጋ ለምን ቀነሱት?» ይለኛል። ቀድሞም ጽናት አልጎደለውም። የጎደለው ጽናቱን የሚያውልበት ሥራ ነበር። ጽናት ልጁን እስከ ወንበሩ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚጠይቀው፣ የሚሰማውና ስህተቱን ተቀብሎ አብሮት የሚያርም ሰው ከሌለ ያው ጽናት ቁጭ ብሎ ለመገልበጥ ብቻ ይውላል። ከፕላዝማው ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም ይህ አልተለወጠም።

የ2014 የትምህርት ዘመንን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው በተባለ ጊዜ፣ «የዛሬ ልጅ የመማር ፍላጎት የለውም» ሲባል ደጋግሜ ሰማሁ። አልተቀበልኩትም። እሑድ እሑድ ጆንያ ተሸክሞ የሚገባውን ልጅ ያየ ሰው ይህን ሊል አይችልም። ጽናታቸውን አድንቀን ብቻ ማለፉም ያናድደኛል፤ የአርቡን ድርቆሽ ከጀግንነት ቆጥረን አረፍን ማለት ነውና። የትምህርት ቤት ምገባ እንኳ ሲስፋፋ ባብዛኛው የደረሰው ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው። ባለ ስንቁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዛሬም ከነጆንያው አለ።

እናም በየወረዳ ከተማው ለተማሪ ቤት የምታከራዩ እናቶችና አባቶች፣ በልጆቻችሁ ይሁንባችሁ፣ በሦስት ሰዓት መብራት አታጥፉባቸው። መምህራን ጓደኞቼም፣ በዚህ ሳምንት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አስነሡና ጠመኔውን ስጡት።