ዳገቱን በብስክሌት፣ ቁልቁለቱን በእግር

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ወደ ጎጃም ስትመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ የዓባይ በረሃ ከፊታችሁ ይከፈታል። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወርዳችሁ፣ ድልድዩን ተሻግራችሁ፣ መልሳችሁ ደጀን ላይ ስትወጡ ቀዝቃዛው የደጋ አየር ይቀበላችኋል። ከዚያ የትኖራንና ሉማሜን አልፋችሁ፣ በስተቀኝ የጮቄን ተራሮች እያያችሁ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስትርቁ ደብረ ማርቆስ ትገባላችሁ። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። የዛሬው ስሟ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጊዜ፣ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ነዋሪዎቿ አሳጥረን «ማርቆስ» እንላታለን።

ማርቆስን በመኪና ለሚያልፋት ሰው ሜዳ ትመስላለች። ዳገቷን የሚያውቀው ፔዳል የሚረግጥ ብቻ ነው። እኔም ያወቅኋት በዚህ መንገድ ነው።

ከጣና ዳር ወደ ደጋ

ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር በጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ስለሆነች ብስክሌት የሁሉም መጓጓዣ ነው። ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ከገበያ የምትመለሰው እናት ሳይቀሩ ይጋልቡታል። ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ብትወጣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ባለቤቴ ለአገልግሎት ወደ ማርቆስ ሲመደብ ሌላው ዕቃችን በጭነት መኪና መጣ፤ ብስክሌቴን ግን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ራሴ ይዤው መጣሁ።

ማርቆስ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገቱ መሐል ላይ ቆሜ ባሕር ዛፍ ተደግፌ ሳለከልክ አንዲት እናት «ልጄ፣ ውኃ ላምጣልሽ?» ብለውኝ ነበር። ሰዎች «የፓስተሩ ሚስት በብስክሌት?» እያሉ ተገረሙ። እኔም ረጅም ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ነጠላዬን አጥብቄ አስሬ መንዳቴን ቀጠልሁ። የማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ከቤታችን ሌላኛው የከተማው ጫፍ ነው። በእግር አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዓመት በኋላ የሚገረም ሰው ጠፋ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር ከሯጮቻችን ጋር ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የእኔ ውድድር ግን የትምህርት ቤቱ ደወል ሳይደወል መድረስ ብቻ ነበር።

የሰኔ ማለዳ

በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረበት አንድ ማለዳ፣ ከኮብልስቶን በተሠራው ቁልቁለት ስወርድ ጆንያ የተጫነች አህያ ከቅያሱ ወጥታ ከፊቴ ገባች። ፍሬን ያዝሁ። ብስክሌቱ ግን አልቆመም፤ ተንሸራተተ። ስወድቅ ግራ እጄን ወደ መሬት ዘረጋሁ፤ የአጥንቱም ድምፅ ተሰማኝ።

ጎረቤታችን እማማ ፈጥነው ደረሱልኝ። እጄን አይተው «ወጌሻ አውቃለሁ፣ አሁኑኑ እንሂድ» አሉ። ባለቤቴ በአክብሮት «እማማ፣ መጀመሪያ ራጅ እናስነሣት» አላቸው። ይህን የምጽፈው እርሳቸውን ለመውቀስ አይደለም፤ ያሉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን የተሰበረ እጅ ያብጣል። ያበጠ እጅ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል። በአገራችን በዚህ ምክንያት እጅና እግራቸውን ያጡ ሰዎች፣ በተለይም ሕፃናት፣ ብዙዎች ናቸው። ጣት ሲደነዝዝ፣ ሲቀዘቅዝ ወይም ሲጠቁር ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ጀሶም ቢሆን ጠብቆ እንዲህ ካደረገ ያው ነው።

ራጁ የግራ እጄ አንጓ መሰበሩን አሳየ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። የቤተ ክርስቲያን እኅቶች ተራ ገብተው እንጀራ ጋገሩልኝ፤ ልጆቼ ጸጉሬን አበጠሩልኝ። ጀሶው ሲፈታ ያየሁት እጅ የእኔ አልመሰለኝም፤ ቀጥኗል፣ ደርቋል፣ አንጓው አይታጠፍም። ሐኪሙ «አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን ወራት ይፈልጋል» አለኝ። ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክሬ መጨበጥና መዘርጋት፣ የተጠቀለለ ካልሲ መጭመቅ ሥራዬ ሆነ። የቡና ጀበና በግራ እጄ ማንሣት የቻልሁት መስከረም ሲጠባ ነው።

ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ

ትምህርት ሲከፈት አንዳንዴ በባጃጅ፣ አንዳንዴም በእግሬ መሄድ ጀመርሁ። ብስክሌቴ ዕቃ ቤት ውስጥ ከከሰሉ ጆንያ ጀርባ ተቀምጧል። ባለቤቴ ስለ እርሱ አያነሣም፤ እኔም አላነሣም። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ የሰፈራችን ጎሚስታ መንገድ ላይ አገኘኝና «እትዬ፣ ገዢው መጥቷል፤ ብስክሌቱን መቼ ላምጣው?» አለኝ።

ቤት ስገባ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ልትሸጠው ነበር?» አልሁት።

«ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ከሆነ ለምን አልነገርኸኝም?»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ስልክ የደወለልኝ ሰው ‹ባለቤትህ ወድቃለች› ብሎ ዘጋው። እስክደርስ ድረስ ምን እንዳሰብሁ አታውቂም። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ እነቃለሁ» አለኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ስንኖር እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እኔ ክረምቱን ሙሉ ሕመሙ የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ የደበቅሁትን ለመናገር አቅም አገኘሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «አህያ ገብታብኝ ነው» ስል ከርሜያለሁ። አህያዋ በእርግጥ ገብታለች። እውነቱ ግን የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ነበር። ባለቤቴ ቀይሪው ብሎ ሁለት ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ዛሬ ነገ እያልሁ አቆየሁት። ይህን ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና «አውቃለሁ፤ ብስክሌቱን ሳስገባ አይቼዋለሁ። እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር» አለኝ።

አራት ወር በአንድ ገበታ እየበላን፣ አብረን እየጸለይን፣ እርሱ ፍርሃቱን፣ እኔ ጥፋቴን ይዘን ተቀምጠናል። ስለ ብስክሌቱ መነጋገር የቻልነው ሁለቱም ከወጡ በኋላ ነው። ያን ዕለት ማታ ሦስት ነገር ተስማማን፦ የሁለቱም ጎማ ፍሬን ይቀየራል፤ በዝናብና በእርጥብ ድንጋይ ላይ አልነዳም፤ እጄ እስኪፈተን ድረስ ኮርቻ ላይ አልወጣም። ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። የታጠበ ጋቢ በሁለት እጄ ጨምቄ ውኃው ጠብ እስከማይል ካደረስሁ አልፌያለሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በሦስተኛው ባለቤቴ ራሱ ጋቢውን ዳስሶ «አልፈሻል» አለኝ።

ዳገቱ ይሻላል

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ብስክሌቱን እየገፋሁ፣ እርሱ አጠገቤ እየሄደ፣ መንገዱን ሁሉ በእግር ተጓዝነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ወጣሁ፤ እግሬ ያልረሳውን እጄ ረስቶታል። መሪውን እንደ ሕፃን ልጅ ጨብጬው ትከሻዬ ደነደነ።

ከዚያ በኋላ የተማርሁት ያልጠበቅሁትን ነው። ሁላችንም የምንፈራው ዳገቱን ነው። ለተጎዳ እጅ ግን ዳገቱ ይሻላል። ሽቅብ ሲወጣ ሩጫው ዝግ ያለ ነው፤ ሥራው የእግርና የሳንባ ነው፤ ፍሬን ብዙም አያስፈልግም፤ ቢደክም አንድ እግር መሬት ማድረግ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን የሰውነት ክብደት ሁሉ ወደ ፊት፣ ወደ እጅ አንጓ ይመጣል፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ኅዳርን ሙሉ ዳገቱን እየነዳሁ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ እየገፋሁ ተመላለስሁ። ከገጠር ወደ ገበያ የሚመጡ ገበሬዎች ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው አዩኝና ሳቁ። አንዱ «እመቤት፣ ተገልብጦብሻል!» አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።

ነገር ግን በእግር የወረድሁት ቁልቁለት ብዙ አሳየኝ። ውኃ የሚያቆረው ድንጋይ የትኛው እንደሆነ፣ አህያዎቹ የሚወጡበት ቅያስ፣ ባጃጆች የሚታጠፉበት ጥግ፣ ጠዋት ጥላ ስለሚያርፍበት ውርጩ ሳይደርቅ የሚቆየው ቦታ፣ ይህን ሁሉ በብስክሌት ስበርር አላየሁትም ነበር። የወደቅሁበት ቦታ ላይም ቆሜያለሁ። አንድ ተራ ድንጋይ ነው፤ በልቤ ግን ገደል ሆኖ ከርሟል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ፣ ጤፉ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው በሚታይበት ጊዜ፣ በደረቅ ማለዳ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዤ በዝግታ ወረድሁት። እማማ ከበራቸው ቆመው እልል አሉ። ባለቤቴ እቤት ቀርቶ ነበር፤ እንዲያይ አልፈለገም፣ እኔም አልለመንሁትም። ስደርስ ግን ስልክ ደወልሁለት። «ደርሻለሁ» አልሁት። «ተመስገን» አለና ድምፁ ጠፋ።

ዛሬ

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ በልብ የማይሄዱበት ቀን በዝቷል። ብስክሌቴ ግቢ የሚውልባቸው ሳምንታት አሉ። ያን ጊዜ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ወይም ቤት እቀመጣለሁ። ቀድሞ ቢሆን ይህ ያበሳጨኝ ነበር። አሁን ግን መግፋትንም፣ መቆምንም የመንገዱ ክፍል አድርጌ ለምጄዋለሁ። ብርድ ሲሆን አንጓዬ ይጠዘጥዘኛል፤ እርጥብ ሲሆን ያችን ቁልቁለት ዛሬም ወርጄ እገፋለሁ።

ባለትዳሮች፣ ከመካከላችሁ አንዱ ከጉዳት፣ ከሕመም ወይም ከሥራ ማጣት ሲነሣ ሌላውም አብሮ ወድቆ እንደነበር አትርሱ። የወደቀው «መቼ ልጀምር?» ሲል፣ ያየው «ባይጀምርስ?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄ ገበታ ላይ ይቅረብ። አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ ብስክሌቱን አይሽጥ፤ ሌላውም ያለቀውን ላስቲክ አይደብቅ።

በቤታችን ቅዳሜ ማታ አንድ ልማድ አለ። ልጆቹ ጫማቸውን ሲጠርጉ ባለቤቴ ብስክሌቱን ወደ መብራቱ ያቀርብና ጎማውን ይጫናል፣ ፍሬኑን ይይዛል፣ ወደ ፊት ይገፋዋል። ካልተንቀሳቀሰ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ምንም አይናገርም፤ እኔም ቡናውን በግራ እጄ እቀዳለታለሁ።