ስለ ማን እንጸልይ?

በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ የሰላማዊ ሰዎች ደም በፈሰሰ ጊዜ፥ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያው ሞያሌ ተጠጋ። የሚበዙትም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እኔም በመንግሥት ሥራ ተልኬ በዚያ ሰነበትሁ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንደ ተማርሁት፥ ማታ ማታ «አምላኬ ሆይ፥ ስደተኞችን ሁሉ አስብ» እያልሁ እጸልይ ነበር። አንድ ሌሊት ግን ጸሎቴን ስፈጽም፥ ስማቸውን ስመዘግብ ከዋልሁት ሰዎች ያንዱ እንኳ ፊት ትዝ አላለኝም። አፈርሁ።

በማግሥቱ መዝገቡን ከመክፈቴ በፊት ቀና ብዬ ተመለከትሁ። ሕፃን ያዘለች አንዲት እናት ክዳን የሌለው ጀሪካን ይዛ ቆማለች። ትግርኛና አማርኛ እንጂ የእርስዋን ኦሮምኛ ስለማላውቅ፥ አንድ ልጅ አስተርጓሚ ሆነልኝና ችግርዋን ጠየቅኋት። ለካ የቀዳችው ውሃ በመንገድ እየተደፋ ያልቅባት ኖርዋል። በዚያች ማታ ስለ እርስዋ ጸለይሁ፤ ሲነጋም ክዳን ያለው ጀሪካን ገዝቼ ወሰድሁላት።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሁሉ የሚጸልይ ሰው ማንንም ሳያይ ሊኖር ይችላል። ስለ አንዲት እናት የጸለየ ግን፥ በማግሥቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።