ከአምባ እስራኤል እስከ አምቦበር

ደባርቅን አልፎ ከሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ እዚህ ጦርነት ተደርጎ ነበር ቢሉት ለማመን ይቸገራል። ጭላዳዎቹ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ፤ ደመናው ከእግር በታች ነው፤ የገደሉ ማለቂያ አይታይም። እኔ ዐይኔን መንቀል አቅቶኝ ረጅም ሰዓት ቆየሁ። የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤሎች ጌዴዎን በሚባሉ ገዥዎቻቸው ሥር፣ እነዚህን አምባዎች ምሽግ አድርገው፣ ከነገሥታቱ ጋር አንዴ እየተዋጉ አንዴ እየገበሩ ለብዙ ዘመን ራሳቸውን ያስተዳደሩት በዚህ አገር ነው። ከአምባዎቹ አንዱ እስከ ዛሬ አምባ እስራኤል ይባላል።

የአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል በ16ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ላይ እዚህ የሆነውን ይተርካል። አምባው ሲሰበር እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡ ነበሩ። አንዲት ምርኮኛ ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ ስትወሰድ ከገደሉ አፋፍ ደረሰች፤ «አዶናይ» ብላ ተጣራች፤ ሰውየውን እንደ ጎተተች ራሷን ወረወረች። ታሪኩን የጻፈልን የንጉሡ ሰው ነው፤ ስሟን አልነገረንም። ከዚያ በ1620ዎቹ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ) አፄ ሱስንዮስ የቀረውን ኃይላቸውን ሰበሩትና የቤተ እስራኤል ራስ ገዝነት አከተመ።

የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚያ አፋፍ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ወደ ማሳዳ ሄደ። ማሳዳ በሙት ባሕር ዳር ያለ አምባ ነው፤ በ73 ዓ.ም. ገደማ በሮማውያን የተከበቡ አይሁድ ከምርኮ ሞትን እንደመረጡበት ይተረካል። በ1963 እና 1965 መካከል አርኪዮሎጂስቱ ይጋኤል ያዲን ቆፍሮ አወጣው፤ የእስራኤል ወጣት ንጋት ላይ የሚወጣው፣ ወታደርም ቃለ መሐላ ይፈጽምበት የነበረ ቦታ ነው። የጽዮናዊነት (አይሁድን ወደ አገራቸው የመመለስ ንቅናቄ) ትምህርት ያለ ማሳዳ አይታሰብም። ታዲያ ይህ የኛ ገደል ለምን በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ አንዲት ክፍለ ጊዜ አጣ? ጥያቄው ጎንደር እስክገባ ድረስ አብሮኝ ተጓዘ።

የመማሪያ መጻሕፍቱ ጽዮናዊነትን የሚጀምሩት ከቴዎዶር ሄርዝል ነው። የቪየናው ጋዜጠኛ በ1896 «የአይሁድ መንግሥት» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1897 በስዊዘርላንዷ ባዝል የመጀመሪያውን ጉባኤ ጠራ። የባልፎር መግለጫ በ1917፣ ፍልስጥኤምን ለመክፈል የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ በ1947፣ የእስራኤል የነጻነት አዋጅ ሜይ 14 ቀን 1948 ይከተላሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጎንደር ላይ ቆሞ ለሚያስተምር ሰው ግን መነሻው ሌላ ነው፤ ከባዝል 35 ዓመት ይቀድማል።

በ1862 አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ተነሡ። (ቤተ እስራኤሎች መነኮሳት ነበሯቸው፤ ሆሃርዋን የመሰለ የምንኩስና ማዕከልም ነበራቸው።) ዘመኑ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ከለንደን የመጡ ሚሲዮናውያን በየመንደሩ ይሰብካሉ፤ የሃይማኖት ክርክር እስከ ንጉሡ ፊት ደርሷል፤ ሕዝቡ ተጨንቋል። አባ ማህሪ ጊዜው ደርሷል፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንሂድ አሉ። ቤቱንና እርሻውን ጥሎ የተከተላቸው ሕዝብ ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብሎ በእግሩ ወጣ። ትግራይ ሲደርሱ ረኃብና በሽታ ጨረሳቸው። የተረፉት አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ፣ አንዳንዶቹ ተመለሱ። እኔ ይህን ጉዞ የከሸፈ የመነኩሴ ሕልም ብለው ከሚያልፉት ጋር አልስማማም። አገር አለን፣ እንመለስ ብሎ በጉባኤ ሳይሆን በእግር የወሰነ ሕዝብ ነው።

ጎንደር ውስጥ ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር በነገሥታቱ ዘመን የቤተ እስራኤሎች ሰፈር ነበር። ግንበኞች፣ አናጢዎች፣ ቀጥቃጮች ነበሩ፤ በቤተ መንግሥቱ ግንባታ እጃቸው እንዳለበት ይነገራል። ርስት ለተነፈገ ሕዝብ እደ ጥበብ የግድ ሆነ፤ በዚያው እደ ጥበብ ደግሞ ቡዳ ተባሉ። ከፋሲል ግንብ ውበት ጋር ይህንን አብሮ የማይናገር አስጎብኚ ግማሹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ መንደር የጸሎት ቤቱ ከነ ኮከቡ ቆሟል። ባለቤቶቹ ሄደዋል። የመንደሩን ሸክላ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠሩት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ የዳዊት ኮከብ ያለበትን ትንሽ የሸክላ ሥራ ገዝቼ በፎጣ ጠቀለልኩት።

ወለቃን የወደድኳት ግን ስለ ሸክላው አይደለም፤ ዮና ቦጋለ በ1908 የተወለዱት እዚህ ስለሆነ ነው። ወደ እሳቸው የሚያደርሰው መንገድ በ1904 ይጀምራል። ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ የፖላንድ ተወላጅ አይሁዳዊ በዚያ ዓመት መጣ፤ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ታምራት አውሮፓ ተምረው ተመለሱና በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ በተከፈተው የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆኑ። ዮናም በልጅነታቸው በፋይትሎቪች በኩል ወጥተው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸው ማስተማር ነው፤ በየዓመቱ የበዓላት መቁጠሪያ ያሠራጫሉ፣ የዕብራይስጥና አማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃሉ፣ ጋራ ለጋራ የተበተኑ ትናንሽ ትምህርት ቤቶችን ይከታተላሉ። በ1979 ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በ1987 ዐረፉ።

በ1954 የአይሁድ ኤጀንሲ አሥመራ ላይ ለቤተ እስራኤል ወጣቶች የመምህራን ትምህርት ቤት ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት 12 ልጆች ክፋር ባቲያ ወደተባለው የእስራኤል የወጣቶች መንደር ተላኩ፤ ሁለተኛ ቡድንም ተከተለ፤ በድምሩ 27 ሆኑ። እስቲ አስቡት፤ ከወገራና ከደምቢያ የገጠር ጎጆ የወጣ ልጅ፣ ከተመሠረተች ሰባት ዓመት ገደማ በሆናት አገር ውስጥ ዕብራይስጥ ተምሮ፣ ተመልሶ አምቦበር በተባለው የቤተ እስራኤል መንደር ጠመኔ ሲያነሣ! ታላላቆቹ ኦሪቱን በግዕዝ ከቤተ እስራኤል ቄሶች ይሰማሉ፤ ልጆቹ ከመምህሩ በዕብራይስጥ ይማሩታል። በ1973 የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ የቤተ እስራኤሎችን አይሁድነት አረጋገጡ፤ በ1975 አይሁድ ወደ እስራኤል ገብተው እንዲኖሩ የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ለእነሱም እንደሚሠራ እስራኤል ተቀበለች። በዘመነ ደርግ ግን ያ ጠመኔ ወንጀል ሆነ፤ ዕብራይስጥ ተከለከለ፣ አስተማሪዎች ታሠሩ፣ ኦርት የተባለው የእርዳታና የትምህርት ድርጅት በ1981 ተባረረ።

ስግድ የተባለውን የቤተ እስራኤል በዓል አምቦበር ላይ ያዩ ሰዎች ሲያወሩ መስማት ብቻውን ያስቀናል። ከማስተሥረያ ቀን (ዮም ኪፑር) በ50ኛው ቀን ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፤ ከዕዝራና ከነህምያ የመመለሱ ታሪክ ይነበባል፤ ፊትን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ይሰገዳል፤ ከዚያ ወርዶ መብላትና መዝፈን ነው። የእስራኤል ምክር ቤት በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ለእኔ ስግድ ራሱ የትምህርት ሥርዓት ነው፤ መጽሐፍ በሌለው ገበሬ ቤት የአገር ትዝታ በየዓመቱ የታደሰው በዚህ ነው። ያ ትዝታ በመጨረሻ ጉዞ ሆነ፤ በ1984 መጨረሻ በሙሴ ዘመቻ፣ በእግር ሱዳን ከደረሱት 8,000 ያህል ሰው ወደ እስራኤል ተወሰደ፤ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች 4,000 ያህል አለቀ። በግንቦት 1991 የሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ አነሣ።

ጎንደር ዛሬም ባዶ አይደለችም። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡ፣ ዘመዶቻቸው ቀድመው የሄዱ ቤተሰቦች ገጠሩን ጥለው ከተማ ገብተው ለዓመታት ይጠብቃሉ። የጸሎት ቤታቸው ቆርቆሮ ነው። ልጆቹ ዕብራይስጥ ይማራሉ፤ ብኔ አኪቫ የተባለው የጽዮናውያን ወጣቶች ማኅበርም እዚህ ቅርንጫፍ አለው። ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ ክፍለ ጊዜ እንዳሳልፍ ሲፈቀድልኝ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ከአባ ማህሪ ጀመርኩ። የተባበሩት መንግሥታት የ1947 ድምፅ ላይ ስንደርስ ኢትዮጵያ በድምፀ ተአቅቦ እንዳለፈች ነገርኳቸው፤ 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ተአቀቡ። ክፍሉ ተንጫጫ። አፄ ኃይለ ሥላሴን በስደት ዘመናቸው ኢየሩሳሌም ተቀብላቸው፣ በ1941 «የጌዴዎን ኃይል» ብሎ ጦሩን የሰየመው የብሪታንያ መኮንን ዊንጌት አብሯቸው ወደ አገራቸው ገብቶ ሳለ፣ እንዴት ተአቀበች? የኤርትራን ጉዳይና የአረብ ጎረቤቶቿን አነሣሁ፤ አልበቃቸውም። በ1948ቱ ጦርነት 700,000 ያህል ፍልስጥኤማውያን መፈናቀላቸውንም ነገርኳቸው፤ አገር ስለማጣት የሚማር ልጅ የሌላውንም ማጣት ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «አባ ማህሪ ባዝል ቢደርሱ ኖሮ ያስገቧቸው ነበር?» ባዝል ላይ ከቤተ እስራኤል ማንም እንዳልነበረ መለስኩ። «እሱን ጠየቅሁ እንዴ?» አለኝ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። አንዱ ሄርዝል ገንዘብና ሚኒስትሮችን ያውቅ ነበር ይላል፤ ሌላዋ አባ ማህሪ ደግሞ ቤቱን ጥሎ የሚከተላቸው ሕዝብ ነበራቸው ትላለች። ሰዓቱ አልቆ ቀጣዩ አስተማሪ በር ላይ ቆሞ እንኳ አላቋረጡም።