የፋሲል መዋኛና የቀሃ ቦይ

ወደ ጎንደር የሚሄድ እንግዳ ኹሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ግንቦቹ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ከግንቦቹ ኹለት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄድ ደግሞ በድንጋይ ቅጥር የታጠረውን የፋሲልን መዋኛ ያገኛል። የትላልቅ ዛፎች ሥር ቅጥሩን እንደ እጅ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ በውስጡም በቅስት ላይ የቆመች፣ በድልድይ የሚገባባት ግንብ አለች። እንግዳው ይህን ኹሉ አይቶ ተደንቆ ይመለሳል፤ ውኃው ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልተርክ ያሰብኩት ስለዚሁ ውኃ መንገድ ነው።

ዐፄ ፋሲል የነገሡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1632 እስከ 1667 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንደዚሁ የተቈጠሩ ናቸው። መዋኛው የእርሳቸው ሥራ ነው ይባላል፤ ለዐፄ ኢያሱ የሚሰጡትም አሉ። ከተማዪቱ በኹለት ወንዞች መካከል ተቀምጣለች፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ ይወርዳሉ። እርሷ ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስትኾን፣ የወንዞቿ ውኃ በመገጭ በኩል የሚገባበት የጣና ሐይቅ 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ አገር ውኃ ቸኵሎ ይወርዳል እንጂ አይጠብቅም። ሠሪዎቹ ያደረጉት ቀሃን ከላይ ጠልፎ፣ ቦይ ቈፍሮ፣ ውኃው በገዛ ክብደቱ ተጉዞ ከመዋኛው እንዲገባ ማድረግ ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ቦይ እጅግ ያዘነበለ እንደ ኾነ ውኃው አፈሩን እየቦረቦረ ይወስደዋል፤ እጅግ የተስተካከለ እንደ ኾነ ደግሞ ደለል ይተኛበታል።

የጥምቀት ዋዜማ ጥር 10 ቀን ከተራ መባሉን ኹላችንም እናውቃለን። ቃሉ ከተረ፣ ማለት ውኃን ገደበ፣ አቆመ ከሚለው የመጣ ነው። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከውኃ አጋጆች ሥራ መኾኑን ልጆቻችን ቢያውቁት መልካም ነበር። ሥራውም ጊዜ የሚሻ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቀሃ ከወር ወደ ወር እየቀጠነ ይሄዳልና። በክረምት ጎርፉ የጠለፋውን ድንጋይ ያፈርሳል፤ ቦዩንም በጭቃና በቅጠል ይደፍነዋል። ይህ ሳይጠገንና ሳይጠረግ የዘገየ እንደ ኾነ፣ በጥር የሚገኘው ውኃ ያን የሚያህል መዋኛ ለመሙላት ይቸገራል። መዋኛውን ማጽዳት የሚታይ ሥራ ስለ ኾነ አመስጋኝ አያጣም። ቦይ መጥረግ ግን ከጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ማንም ሳያይ የሚሠራ ነው።

በአማራ አገር ገበሬዎች ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በመስኖ በሚታረስበት ቦታ የውኃ አባት ይመርጣሉ፤ እርሱም ተራ ያወጣል፣ ከክረምት በኋላ ሰውን ለጠረጋ ይጠራል፣ ከላይና ከታች ያለው ቢጣላ ያስታርቃል። በፍርድ ቤት መዝገብ ሥር ለኖረ ሰው የዚህ ሹመት ጥቅም ቶሎ ይገባዋል፤ በውኃ የተነሣ ጠብ ከዳኛ ፊት ከደረሰ በኋላ ተክሉ ውሳኔ አይጠብቅም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1888ም ድርቡሾች ገብተው እንደ ገና አቃጠሏት። ቦይን እሳት አይበላውም፤ ቦይን የሚበላው የሚጠርገው ሰው መታጣት ነው። በዚያው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እሳትም ጦርነትም ባልደረሰበት በእንግሊዝ አገር፣ የቴምዝንና የሰቨርንን ወንዞች የሚያገናኘው ቦይ እንዲሁ ይማቅቅ ነበር። በ1789 ለጀልባ የተከፈተው ይህ ቦይ ከፍ ባለው ስፍራ በተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ላይ ያልፋልና ውኃው ወደ ምድር ይሰርግ ነበር። ወለሉን በሸክላ ጭቃ ቢደለድሉት፣ በእንፋሎት መኪና ውኃ ቢስቡለትም አልበቃውም። በኋላም ባቡር ጭነቱን ስለ ወሰደበት የጥገናው ወጪ ከገቢው በለጠ። ኩባንያው በ1893 የቦዩን ትልቅ ክፍል ዘጋ፤ በ1901 የአውራጃው ሸንጎ ተረክቦ ሊያድነው ሞከረ፤ በ1927 ግን አብዛኛው ተተወ። ያ ቦይ የቆመው በገንዘብ ነበረ፤ ገንዘቡ ሲሄድ አብሮ ሄደ። የቀሃው ግን ገቢ ኖሮት አያውቅም፤ በየዓመቱ የሚያስታውሰው በዓል ግን አለው።

መዋኛው በ1979 ከግንቦቹ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ፣ የጥምቀት በዓልም በ2019 በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ተጽፈዋል። ከተማዪቱ ግን ሰፍታለች፤ ውኃ ፈላጊዋም በዝቷል። ለመጠጥ የተሠራው የአንገረብ ግድብ ከታሰበው ፈጥኖ ደለል ይዞታል፤ ይህም የቀሃን ቦይ የሚደፍነው ከተራቈተ ተራራ የሚወርድ አፈር ዓይነት ነው። በቀሃ ዳር የሚኖር ቤተ ሰብ የዕጣቢውንና የጥራጊውን ነገር ቢያስብበት፣ የሚጥለው ኹሉ ወደ ታች እንደሚወርድ ይረዳዋል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ከተቻላችሁ ከጥምቀት ጥቂት ሳምንታት ቀድማችሁ ድረሱ። ከመዋኛው ወጥታችሁ ቦዩን እየተከተላችሁ ወደ ቀሃ ሽቅብ ሂዱ፤ ጫማችሁ ጭቃ መንካቱ አይቀርምና አሮጌውን አድርጉ።