ማን ቀድሞ ይነሣ?

አምስተርዳም ኖርድ የሚኖር እግረኛ መሐል ከተማ ለመግባት ኤይ የተባለውን ውኃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሻገረው በነፃው ጀልባ ነው። ለመኪና እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ዋሻ አለ፤ በ2018 ደግሞ 52 ቁጥር ሜትሮ ተጨምሯል። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ ወደ ማዶ የሚያሻግር ድልድይ ግን የለም። ጉም ወርዶ ጀልባው በቆመ ማለዳ ብስክሌቱን ይዞ ዳር የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ከቤቱ ተነሥቷል፤ ሥራ ግን አልገባም።

በዚያው ሰፈር የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት የሶፍትዌር ባለሙያ ይኸው በመነሣትና በመድረስ መካከል ያለ ልዩነት በሥራዋ ገጠማት። የምትጠብቀው ሥርዓት የተገነባው በኦኤስጂአይ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ፣ የጃቫን ፕሮግራም ለየብቻ ሊነሡና ሊቆሙ በሚችሉ ሞጁሎች የሚከፍል የአሠራር ደንብ ነው። ደንቡ ለእያንዳንዱ ሞጁል የመነሻ ደረጃ መስጠትን ይፈቅዳል። ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሞጁል 20፣ ትእዛዝ የሚቀበለው 30 ተብለው ለዓመታት ያለ ችግር ሠርተዋል። አዲስ ሰርቨር በተተከለበት ሰኞ ግን ሞጁሎቹ ሁሉ «ሥራ ላይ» የሚል ምልክት እያሳዩ አንድም ትእዛዝ አላለፈም።

የመነሻ ደረጃ የሚያረጋግጠው ባለ 20ው ከባለ 30ው ቀድሞ መቀስቀሱን ብቻ ነው፤ አገልግሎት ለመስጠት መዘጋጀቱን አያረጋግጥም። ኮዱ ሲፈተሽ፣ ከእርሷ በፊት የነበረ ሰው ያስገባው «10 ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ተገኘ። (እንዲህ ያለ መስመር የሌለበት ያረጀ ሥርዓት ማግኘት ይከብዳል።) አዲሱ ሰርቨር ከዳታቤዙ ጋር ለመገናኘት 14 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

መስመሩን ሰረዘችው። በምትኩ ትእዛዝ ተቀባዩ ሞጁል የሚያስፈልገውን በግልጽ እንዲያስታውቅ አደረገች፤ ዳታቤዝ ሲገኝ ይነሣል፣ ሲጠፋ ይቆማል። በዚህ አሠራር ጸሐፊው አንድ ነገር ለመወሰን ይገደዳል፤ ይህ ፍላጎት የግድ ነው ወይስ ቢጎድልም ሥራው በከፊል ይቀጥላል? ለዳታቤዙ «የግድ» አለች፤ የማይመዘገብ ትእዛዝ ከመቀበል አለመቀበል ይሻላልና። ለኢሜይል ማሳወቂያው ግን «ቢጎድልም ይቀጥል» ብላ ጻፈች።

የዚያኑ ሳምንት እሑድ እናቷ ከአዲስ አበባ ደወሉላት። የምትልክላቸውን ገንዘብ የሚቀበሉበት አዲስ ሂሳብ ሊከፍቱ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ሁለት ቀን ተመላልሰዋል። የፋይዳ ቁጥራቸውን ይዘዋል። ከመስኮቱ ያገኙት መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺ ሥራ እሱ አይደል? ይሄ ሲስተም የሚሉት የት ነው የሚሄደው?»

ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም በትክክል የተጠየቀ ነው። ከጠፋው የትኛው ነው? የቅርንጫፉ መስመር፣ የባንኩ ሰርቨር ወይስ የማረጋገጫው አገልግሎት? «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ እንደ ሰኞው «ሥራ ላይ» ምልክት ሁሉ የጎደለውን ይሸፍናል።

ፋይዳ ራሱ የሞጁል ሥራ ነው። የተገነባው እ.ኤ.አ. በ2018 በሕንድ ባንጋሎር በተጀመረው ሞሲፕ የተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ሲሆን፣ ምዝገባውና ማረጋገጫው የተለያዩ ሞጁሎች ናቸው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆነ። በባለሙያዋ ቋንቋ፣ ባንኩ በፋይዳ ላይ ያለው ጥገኝነት «የግድ» ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ለመጻፍ በቂ ምክንያት አለ፤ አንድ ሰው በብዙ ስም ሂሳብ እንዳይከፍት መከላከል ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን መታወቂያ እንዲኖር ማስገደድና ማረጋገጫው በዚያችው ደቂቃ እንዲመልስ ማስገደድ ሁለት የተለያዩ ጥገኝነቶች ናቸው፤ ሁለተኛውን በመስኮቱ ፊት ማንም ለይቶ ሲያስታውቅ አይታይም። ማረጋገጫው እስኪመለስ ድረስ ገንዘብ ተቀብሎ የማያወጣ፣ ጣሪያ ያለው ሂሳብ ሊከፈት ይችላል። ሂሳብን በደረጃ መክፈል ለብሔራዊ ባንክ እንግዳ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሞባይል ገንዘብን በፈቀደበት መመሪያ አድርጎታል።

ባለሙያዋ በማግሥቱ ቢሮ ገብታ «ሥራ ላይ» የሚለውን ምልክት ቀየረችው። ሞጁል ሲጠብቅ አሁን የሚያሳየው ማንን እንደሚጠብቅና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ነው። እናቷ ለሦስተኛ ጊዜ የሄዱት ረቡዕ ነበር፤ ሂሳቡ በሩብ ሰዓት ተከፈተ። ባለፉት ሁለት ቀናት የጎደለው ምን እንደነበር ግን የነገራቸው ሰው የለም።