አርባ ምንጭ መኖር ለምታስቢ እኅት

እኅቴ ሆይ፣ «አገሬ ስገባ ሙቀትና ፍራፍሬ ባለበት ከተማ ዐርፌ እኖራለሁ» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። በእግሬ የረገጥኳትን አርባ ምንጭን ልንገርሽ።

ከሴቻ ሰፈር ሆነሽ ቁልቁል ስታዪ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ተዘርግተው፣ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚባለው ኮረብታ ይታይሻል። ሙዝና ማንጎው ብዙ ነው፤ ዓሣውም ከሐይቁ ይወጣል። ነገር ግን ቆላ ነውና ወባ አለ። በተለይ ደጋ የኖረች እናትሽን ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ አጎበር አይለያችሁ።

እዚያ ያገኘኋት አንዲት እኅት ዐሥራ አንድ ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ ቤት አሠርታለች። ካርታው ግን የወጣው በወንድሟ ስም ነበር። ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና ተቀመጠች።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም ይላል፤ የምትገዢው ቤቱን ነው። ስለዚህ ካርታው በስምሽ ይሁን። ውክልና ስትሰጪም ለምን ጉዳይ እንደሆነ ለይተሽ አጽፊ። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ ተከራይተሽ በጋውንም ክረምቱንም እይው።

እግዚአብሔር በላብሽ ከሠራሽው ቤት በሰላም ያግባሽ።