6.6 በመቶ

ፊልሙ እንዳለቀ ታናሽ እህቴ የጠየቀችኝ «እና አገባችው ወይስ አላገባችውም?» ብላ ነው። እኔ ደግሞ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ስቤ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ እየመለስኩ አንድ ቁጥር እፈልግ ነበር። ጆ ማርች ከአሳታሚዋ ጋር ተከራክራ በመጨረሻ የተስማሙበትን ቁጥር፤ 6.6 በመቶ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የግሬታ ገርዊግ «ሊትል ዊመን» ነው። ታሪኩ የተወሰደው ሉዊዛ ሜይ አልኮት በ1868 እና በ1869 በሁለት ክፍል ካሳተመችው ልቦለድ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ማሳቹሴትስ ውስጥ የሚያድጉ አራት እህትማማቾች አሉ፤ ሜግ፣ ጆ፣ ቤዝ እና ኤሚ። ረጅም ቀሚስ፣ ጭፈራ፣ በረዶ፣ ፍቅር። እህቴ ለዚህ ብላ ነው የከፈተችው፤ እኔም ለዚሁ ብዬ ነው አጠገቧ የተቀመጥኩት።

ፊልሙ የሚጀምረው ግን ቢሮ በር ላይ ነው። ጆ ከመግባቷ በፊት አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ከገባች በኋላ ራሷ የጻፈችውን ታሪክ «የጓደኛዬ ነው» ብላ ታቀርባለች። አሳታሚው ሚስተር ዳሽዉድ ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከ25 እስከ 30 ዶላር እንደሚከፍል ይነግራትና ለእሷ ግን 20 ይላታል። እሺ ትላለች። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሴት ከሆነች ደግሞ መጨረሻዋ ወይ ትዳር ወይ ሞት ይሁን ብሎ ይሸኛታል።

ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቄ ላይ ስንት ደመወዝ እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ከቤት ስወጣ ቁጥር ይዤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» የሚል ነው። ጨዋ መልስ መስሎኝ ነበር። እኛ ቤት ስለ ገንዘብ አፏን ሞልታ የምትናገር ሴት ዓይን አውጣ ናት። ከስድስት ወር በኋላ፣ አብሮኝ ተመርቆ በአንድ ሳምንት አብሮኝ የተቀጠረ ልጅ ምሳ ላይ ደመወዙን ነገረኝ። በ4 ሺህ ብር ይበልጠኛል። ሥራችን አንድ፣ የተጠየቅነውም ጥያቄ አንድ ነው። እሱ ቁጥር ተናገረ። ሴት ስለሆንሽ ቀነስንብሽ ያለኝ ሰው የለም። ለዓመታት ጥፋቱ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ኤሚ ናት። ግማሹን ፊልም ሀብታም ማግባት የምትፈልግ ብልጣብልጥ አድርገን ስናያት ቆይተን፣ ፓሪስ ላይ ለሎሪ ሂሳቡን ቁጭ አድርጋ ታስረዳዋለች። ሴት በራሷ ጥራ ቤተሰብ የምታስተዳድርበት መንገድ የለም፤ ብታገኝም ስታገባ የባሏ ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንተ ትዳር የፍቅር ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ግን የኑሮ ጉዳይ ነው ትለዋለች። ኤሚ ስግብግብ አይደለችም። የተሰጣት ሂሳብ ነው እንዲህ የሚወጣው። የጆም 20 ዶላር፣ የኔም «ስኬል» ከጠባያችን ብቻ የመጡ አይደሉም።

አልኮት ይህን ሂሳብ በኑሮዋ ታውቀዋለች። አባቷ ፈላስፋ ነበር፤ ፍልስፍናው ግን እንጀራ አላመጣም። እሷ አስተምራለች፣ ልብስ ሰፍታለች፣ ሰው ቤት አገልግላለች፣ በጦርነቱ ጊዜ ቁስለኛ አስታምማለች። ትዳር አልያዘችም። ጆም ሳታገባ እንድትቀር ነበር የፈለገችው። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ ግን አንባቢዎች እነዚህ ልጆች ማንን ነው የሚያገቡት እያሉ ጻፉላት። ስለዚህ ጆን ዳረቻት። መጽሐፉን ግን ለማንም አልዳረችም፤ የቅጂ መብቱን ይዛ ከሽያጩ ድርሻ ወሰደች። ቤተሰቧን ከዕዳ ያወጣው እሱ ነው።

ገርዊግ መጨረሻውን ከዚህ ነው የሠራችው። በአንድ በኩል ጆና ፕሮፌሰሩ በዝናብ ጃንጥላ ሥር ይሳሳማሉ። በሌላ በኩል ጆ ከዳሽዉድ ጋር ትደራደራለች፤ 10 ጠይቃ 6.6 ላይ ትስማማለች። ለመብቱ በአንድ ጊዜ 500 ዶላር ሲሰጣት መብቱን ለራሷ ታስቀራለች። የጃንጥላው ትዕይንት የጆ ሕይወት ይሁን የመጽሐፏ መጨረሻ፣ ፊልሙ አይነግረንም። የእህቴ ጥያቄ ሆን ተብሎ ነው ያልተመለሰው። የማያጠራጥረው ድርድሩ ነው።

እኔም በዚያው ሳምንት ያልፈረምኩት ኮንትራት ነበረኝ፤ ከመደበኛ ሥራዬ ውጭ የያዝኩት። አንዷ አንቀጽ ለሥራው የምጠቀምበት ኮድ በሙሉ የአሠሪው ይሆናል ትላለች። ከኮዱ ውስጥ ደግሞ የኢትዮጵያን ቀን ከፈረንጁ ጋር የሚያስታርቅ፣ ሁለት ዓመት በየማታው የሠራሁት ነገር አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አወጣሁ። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የአሠሪው ነው ይላል፤ ሁለቱ ወገኖች በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር። ያቺ «በቀር» ማለት እኮ፣ አፍ ካለሽ ተናገሪ ማለት ናት።

ሄድኩ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ለሁሉም የምንሰጠው ፎርም ነው» አለኝ ሰውየው። «ገብቶኛል። ግን ይቺ አንቀጽ ትስተካከል» አልኩ፤ ዋጋዬንም ተናገርኩ። ከዚያ ዝም። ያንን ዝምታ በ«ከፈለጋችሁ ግን…» ልሞላው አፌን በላኝ። አልሞላሁትም።

የቀን መቀየሪያው የኔ ሆኖ ቀረ፤ እነሱ የመጠቀም ፈቃድ አገኙ። ዋጋው ላይ መሃል ተገናኘን። ድል አልለውም፤ ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማታ ለእህቴ ስነግራት ስለ አንቀጿ ምንም አላለችም።

«ስንት ብለሽ ነው የጀመርሽው?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ትንሽ ነው» አለች።